የሰይድ ጠረጴዛና የጦይባ መሳቢያ

መርሳ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ ገና አስፋልቱን ሳልሻገር የቫርኒሽ ሽታ አፍንጫዬን መታው። የወንድሜ ልጅ ወልድያ ላይ ቢሮ ከፍቶ፣ "አጎቴ፣ የጠረጴዛ ነገር አንተ ታውቃለህ፣ ሄደህ ምረጥልኝ" ብሎ ነው የላከኝ። ማወቁንስ አውቃለሁ፣ ምን ዋጋ አለው! ሱቁ ከፍራፍሬ ተራው አለፍ ብሎ ነው፤ ድሮ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የነበረው ቦታ ዛሬ መስታወት ለብሷል። ውስጡ ያለው ጉድ ነው። ሐራ ላይ ከባቡር ሐዲዱ ሥራ የተረፈ የኬብል መጠቅለያ፣ ያ የጋሪ ጎማ የሚያክለው እንጨት፣ በጎኑ ተጋድሞ ጠረጴዛ ሆኗል። ሁለት የመኪና ጎማ ተደራርቦ መስታወት ተጭኖበት ጠረጴዛ ሆኗል። የስፌት መኪና እግር፣ መርገጫው ሳይነቀል፣ ጣውላ ተሸክሞ ቆሟል። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ "ፋዘር፣ የዘመኑ ቢሮ እንዲህ ነው፣ ሰው ሥራውን ትቶ ፎቶ ይነሳበታል" አለኝ። ማን አስተማረህ ስለው፣ "ከስልክ ነዋ!" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሱቅ መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ስልክ የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን፣ ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ነበር። ልጁ ስሙን እንኳ አልሰማም።

ሰይድ ነው ስሙ፤ አላህ ይርሐመው። ሽርጡን ሸብ አድርጎ፣ ነጭ ቆቡን ሰጋቱራ አልብሶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲሠራ ነበር የሚውለው። እኔ ያኔ ተቴሮን ሱሪዬን በእሳት ካውያ ቀጥ አድርጌ፣ ጸጉሬን አጎፍሬ፣ ወልድያ ፍርድ ቤት ደጅ ሾላው ሥር ማመልከቻ የምጽፍ ጎረምሳ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥዬ መርሳ እወርዳለሁ። ብርጭቆ ሻይ በስሙኒ፣ ብርቱካኑማ ማን ይገዛዋል፣ ዘመድ ያለው ሰው በኬሻ ይሸከም ነበር። ሰይድ አንዲት የተሰነጠቀች ቴፕ ነበረችው፤ የአምባሰል ዘፈን ካልተከፈተ መጋዙ አይሄድለትም። የባትሪ ድንጋዩን ላለመጨረስ ካሴቱን በዚያችው በጆሮው እርሳስ እያሽከረከረ ነው የሚያጠነጥነው። "አያሌ፣ ይቺን ዘፈን ያወጣ ሰው አናጢ መሆን አለበት፤ ስማት፣ እየላገች ነው የምትሄደው" ይለኛል። አሁን እዚያ ቦታ የሞባይል ካርድ መሸጫ ተሠርቷል፤ ድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ምን እንደሚል ግን አይሰማም።

ሰይድ ጠረጴዛ ሲታዘዝ እንጨት አይለካም፤ ሰውዬውን ነው የሚለካው። ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ያስቀምጥህና "በል ጻፍ" ይልሃል። ወረቀት የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ አየር ላይ ነው የምትጽፈው። እሱ ዙሪያህን እየዞረ ክርንህን ያያል። "ክርንህ ካላረፈ ጽሑፍህ ይንጋደዳል" ይላል። ደግሞ እንጨት አጣሁ ብሎ ሰው አይመልስም፤ ያገኘውን ነው ጠረጴዛ የሚያደርገው። ለውርጌሳው ትኬት ቆራጭ ከተገለበጠ አውቶቡስ የተነቀለ በር አቁሞ፣ ከመስኮቱ ሥር ጣውላ አጋድሞ ሠራለት፤ ሰውዬው ተሳፋሪ ሲጮህበት እጀታውን ጠምዞ መስታወቱን ይዘጋል፣ ሲረጋጋ ያወርዳል። የሀብሩን ገበያ ለሚዞረው የከብት ሐኪም በአህያ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ሁለት ሳጥኖች ሠራለት፤ ሲወርዱ አንዱ ወንበር፣ አንዱ ጠረጴዛ። ሐኪሙ የት ነው የምትሠራው ሲሉት "ቢሮዬ ያቻትና ሳር እየበላች" ይል ነበር። ሲሪንቃ እርሻ ምርምሩ ዘንድ ለሚሠራ ባለሙያ ደግሞ የማሽላ ፍሬ በየዘሩ መስታወት ሥር ደርድሮ፣ ነጩን፣ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ እንደ ጥልፍ አድርጎ ሰጠው። ሰውየው ይጻፍበት ወይ ይየው ግራ ገብቶት ተቀምጦ ይውል ነበር አሉ።

የእኔው ከሁሉም የተለየ ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን መንገድ ዳር ሁሉ የጥይት ሳጥን ተጥሎ ነበር፤ ሰው ለዶሮ ማደሪያም፣ ለበርበሬ ማስቀመጫም እየለቀመ ወሰደው። ሰይድ እኩል እኩሉን መርጦ አሥራ ሁለት ሰበሰበ። በእንጨት ማቀፊያ ውስጥ ስድስቱን በግራ፣ ስድስቱን በቀኝ ደርድሮ፣ ከላይ የአሮጌ ጭነት መኪና የጎን ጣውላ፣ ስፖንዳውን፣ ጫነበት። እያንዳንዱ ሳጥን እንደ መሳቢያ ይወጣል፣ ይገባል። "ይህ ሁሉ መሳቢያ ለምኔ ነው?" ስለው፣ "አብሽር፣ ባለቤት አያጣም" አለኝ። እውነቱን ነው። ገበሬው ለክስ ይመጣል፣ ወረቀቱ ግን ወይ ዝናብ መትቶታል፣ ወይ አይጥ በልቶታል፣ ወይ ከሳር ቤቱ ጋር ነዷል። "ጋሼ፣ እባክዎ አንቱ ዘንድ ትቀመጥልኝ" ማለት ተጀመረ። ቀስ በቀስ ሥርዓት ሆነ፤ መሳቢያ የያዘ ሰው ጓጉንቸሩን ራሱ ይገዛል፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ መሳቢያውን የሚለይበትን ነገር በምስማር ይመታበታል። አንዱ የፍየል ቀንድ ጫፍ፣ አንዱ የኮንጎ ጫማ ቁራጭ፣ አንዷ ቀይ ክር። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ከሩቅ አይቶ ወደ ራሱ መሳቢያ ይሄዳል። እኔ አልከፍትም፣ ምን እንዳለ አልጠይቅም። ባለቤቱ ሲመጣ ከወንበሬ ተነስቼ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ፤ ያስገባል፣ ያወጣል፣ ይቆልፋል፣ ይመርቀኛል፣ ይሄዳል። አደራ ማለት እንዲህ ነበር።

የመጨረሻዋን መሳቢያ የያዘችው ጦይባ ናት። ከውርጌሳ ወደ ውስጥ ገባ ካለ መንደር ከባሏ ከሁሴን ጋር መጣች፤ ሰማያዊ የላስቲክ አምባሯን ከእጇ አውልቃ "ይቺን ምቱባት" አለች። አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር በወጣ ጊዜ ነው፤ ሁለቱም እንደ አራስ ልጅ በሻሽ ጠቅልለው ነበር ያመጡት። ሁሴን ዝምተኛ፣ እሷ ተጫዋች። ባለቤቴ ዘነቡ ጦይባ ስትመጣ ሥራ ትፈታለች፤ አንዷ "በማርያም" አንዷ "ወላሂ" እያሉ ሲሳሳቁ ጎረቤት ይሰማል። በኋላ ኮምፒውተር ቤቶች ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተሰለፉና ሾላው ሥር መቀመጤ ቀረ፤ ጠረጴዛውን ቤቴ በረንዳ ላይ አመጣሁት። ማመልከቻ የሚያጽፈኝ ቢጠፋም ባለመሳቢያዎቹ አልቀሩም። ሁሴን በድንገተኛ ሕመም ሞተ፤ ሰይድም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። የሁሴን ወንድም ደግሞ "መሬቱ የአባቴ ነው" ብሎ ተነሳ። ጦይባ ደብተሩን ለወረዳው ልታሳይ ከመሳቢያዋ አውጥታ ስትሄድ፣ "እንግዲህ ባዶ ናት ጋሼ፤ ከፈለጉ ሽንኩርት ያስቀምጡባት" ብላ ሳቀች። የዚያ ሳምንት ሳቅ የመጨረሻችን መሆኑን ማን ያውቃል።

ከዚያ ያ ክፉ የጦርነት ክረምት መጣ። ስለሱ ብዙ አላወራም፤ ወልድያ የነበረ ያውቀዋል፣ ያልነበረ ቢነግሩትም አይገባው። ሰው ልጁን አዝሎ ወጣ። እኛ ቀረን፤ ዘነቡ ደረቷ ታሞ ከአልጋ እስከ በር መሄድ አትችልም ነበር። መብራት የለ፣ ወፍጮ የለ፣ መድኃኒት የለ፣ ከሰል የሚያመጣ ገበሬ ወደ ከተማ አይገባ። ዝናቡ ደግሞ አያባራም። መጀመሪያ ወንበሮቹን አነደድኩ። ቀጥሎ መደርደሪያውን። ቀጥሎ የጠረጴዛውን ማቀፊያና የስፖንዳውን ጣውላ አንድ በአንድ ነቀልኩት፤ ሰይድ በክርኔ ልክ የጎረደልኝን። አሥራ ሁለቱ ሳጥኖች ግድግዳው ሥር ከነጓጉንቸራቸው ተደርድረው ቀሩ። አሥራ አንዱን በዓይኔም አላየኋቸው፤ የሰው ናቸው። አንዷ ግን፣ ባለ ሰማያዊ አምባሯ፣ ባዶ ናት ተብላለች። ባለቤቷ በገዛ አፏ ነግራኛለች።

አንድ ጠዋት ዘነቡ "ትኩስ ነገር ባገኝ" አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አምሯት አያውቅም። አንድ እፍኝ የአጃ ዱቄት ነበረችኝ። ሳጥኗን አነሳኋት። ልፈልጣት አልቻልኩም፤ የመጥረቢያ ድምፅ ታጣቂ ይጠራል፣ ሁሉም እየተደበቀ ነበር የሚኖረው። እንዳለች፣ ከነጓጉንቸሯ፣ ከጉልቻው መሃል ከተትኳት። ስከታት ከበድ አለችኝ። አዎ፣ ከብዳኝ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዝናብ ጠጥታ ነው አልኩ። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል አልኩ። ውሃው ፈላ፣ አጥሚቱ ወፈር አለ፣ ያኔ ክዳኗ ተቃጥሎ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሻሽ አየሁ። ሻሹ ተገልጦ አረንጓዴ አየሁ። እጄን ከትቼ መነጨቅሁት፤ ጣቶቼ ተላጡ፣ የወጣው ግን አንድ መዳፍ የማትሞላ ቁራጭ ነበረች። ባልና ሚስት ጎን ለጎን የተለጠፈ ፎቶ ነው፤ የሷ አንድ ዓይንና የሻሿ ጫፍ፣ የሱ ከቆቡ እስከ አገጩ። እያየሁት ጠቆረና ተጠቀለለ። ዘነቡ አጥሚቱን ሁለቴ ፉት አለችና "እንጨቱን ከየት አመጣኸው?" አለችኝ። "ከሰይድ" አልኳት። ደስ አላት። በሦስተኛው ቀን ሞተችብኝ፤ አራት ሰው ሆነን ቀበርናት።

መንገድ እንደተከፈተ ጦይባ ከውርጌሳ በእግሯ መጣች። ለለቅሶ ነው። ዘነቡን እየጠራች አለቀሰች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ከጎኔ ተቀመጠች፣ "አብሽሩ ጋሼ፣ ሁላችንም መንገደኛ ነን" አለችኝ። ብዙ ቆይታ፣ ልትሄድ ስትነሳ ነው በሐፍረት የጠየቀችኝ።

"መሳቢያዬስ ደህና ናት ጋሼ?"

"ባዶ ናት አላልሽኝም?"

"ደብተሩን መልሼ ከትቼባት ነበር እኮ! ለገበያ መጥቼ፣ አንቱ ሲሪንቃ ለቀብር ሄደው፣ ዘነቡ ናት ያስገባችኝ። አልነገረችዎትም?"

አልነገረችኝም። በዚያው ሳምንት ነው ታማ የወደቀችው። እኔም እዚያች በረንዳ ላይ ቆሜ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ፈራሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሀብሩ እስከ ወልድያ የሚያውቀኝ ሁሉ የሚምልብኝ ሰው፣ አያሌው አደራ በላ ተብዬ ልጠራ ነው አልኩ። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ሳጥኖች ከፊቷ ተደርድረዋል። "ታጣቂዎች ወሰዷት" አልኳት።

"የኔን ብቻ?"

"ያንቺን ብቻ።"

"ሱብሃነላህ" አለች። "ምን አዩባት?" ከዚያ እኔኑ መልሳ አጽናናችኝ፤ "ነፍስዎ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ" ብላ ሄደች።

የወረዳው መዝገብም በዚያው ክረምት ጠፍቶ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምስክር ሆኜ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን ደጁ ላይ የሰው እውነት ስጽፍ ወደኖርኩበት ችሎት ገባሁ፣ እጄን አነሳሁ፣ ማልኩ። ዳኛው "ደብተሩ መሳቢያው ውስጥ ነበር ወይ?" አሉኝ። "ስታወጣው አውቃለሁ፤ ስትመልሰው አላየሁም" አልኩ። ቃሉ ውሸት የለበትም። ለዚያ ነው ከውሸትም የባሰው። አየሁት፣ በእጄ ነካሁት፣ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ ብል መሬቱ የሷ ነበር፤ ይህን ሳውቅ ነው ያልኩት። መሬቱ ለሁሴን ወንድም ተፈረደ። ጦይባ ልጆቿን ይዛ መርሳ ገባች ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ደሴ ስወርድ እንኳ መርሳ ላይ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ዛሬ የወንድሜን ልጅ እምቢ ማለት አቅቶኝ መጣሁ፣ እግዚአብሔርም አላለፈኝም።

ምክንያቱም ከሱቁ ወጥቼ ፍራፍሬ ተራውን አንገቴን ደፍቼ ስሻገር "ጋሼ አያሌው! አንቱ አይደሉም?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማንጎ ዘርግታ ተቀምጣለች። ፊቷ ከስቷል፤ ጥርሷ ግን ያው ነው። ተነስታ ትከሻዬን ሳመችኝ፣ የተገለበጠ ሣጥን አቀረበችልኝ፣ የበሰለ የበሰለውን ማንጎ መርጣ በፌስታል መሙላት ጀመረች። ልከፍል ብል "ወላሂ አይሆንም! እኔ ዘንድ ሆነው?" ብላ እጄን መለሰችው። ልጆቹን ጠየቅኋት። ትልቁ ኮምቦልቻ የቀን ሥራ ነው፤ ትንሿ ትማራለች። መሬት ስላላቸው ሰዎች፣ ስለ ዘንድሮው ማሽላ አወራችኝ፤ ያለ ምንም ቂም አወራችኝ። ፌስታሉ ሲከብድ እኔ ከበደኝ።

"ጦይባ፣ መሳቢያሽን ማንም አልወሰዳትም" አልኳት። "እኔ ነኝ ያነደድኳት። ለዘነቡ አጥሚት። ባዶ መስላኝ ነው፣ ግን ሲቃጠል አየሁት።"

እጇ ማንጎው ላይ ቀረ። አንድ ደንበኛ መጥቶ "ኪሎው ስንት ነው?" አላት፤ ነገረችው፣ መዘነችለት፣ መልስ ሰጠችው። ሰውየው እስኪርቅ ጠበቀች።

"ያን ቀን ዳኛው ሲጠይቁዎት ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሲምሉም?"

"ስምልም።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ በወደድኩ። መንገደኛ ይሰብሰብብኝ፣ ያ ባለ መስታወቱ ልጅ ወጥቶ ይስማ አልኩ። እሷ ሻሿን አስተካከለችና በዝግታ፣ ነገሩን ለራሷ የምታስረዳ ይመስል፣ እንዲህ አለችኝ፦

"መሬቱንስ ትቼው ነበር ጋሼ። ደብተሩ ላይ ያለው ፎቶ ነው። ሁሴን ሌላ ፎቶ አልነበረውም። ወሰዷት ሲሉኝ፣ የሆነ ቦታ አለች ብዬ፣ ወደ ሰሜን የሚያልፈውን ሾፌር ሁሉ እለምናለሁ፤ ሰማያዊ አምባር የተመታባት ሳጥን ካያችሁ እላለሁ። እዚህ መንገድ ዳር የተቀመጥኩትም ለዚያ ብዬ ነው፤ ማንጎማ ገበያ ውስጥ ይሻል ነበር።" የፌስታሉን አፍ ሰበሰበች። "ተቃጠለ? የሱም ፊት ተቃጠለ?"

"የሱም።"

"አዩት?"

"አየሁት። ከቆቡ እስከ አገጩ። የመጨረሻ የነደደው እሱ ነው።"

ራሷን ነቀነቀች። ፌስታሉን አስራ እጄ ላይ አስያዘችኝ፤ ማንጎውን አልወሰደችብኝም፣ ይኸው ቤቴ አለ፣ አልቀመስኩትም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሁሴን ሲሞት ትንሿ ጡት ላይ ነበረች፤ አባቷን አታውቀውም። ምን ይመስላል ስትለኝ፣ አንድ ሾፌር ፎቶውን ያመጣዋል እያልኩ ነው ያሳደግኋት። አሁን ከትምህርት ቤት ትመጣለች። አንቱ የተማሩ ነዎት ጋሼ፣ አይተውታልም። ምን ይመስል ነበር? ትንሽ ይቆዩና ለልጅቱ ይንገሯት።"

ሚኒባሱ "ወልድያ! ወልድያ!" ብሎ ተጣራ። እኔም ተነስቼ ገባሁበት።